አባባ ያስገዘተው ጫካ

መስከረም ጠብቶ ደባርቅ አደይ ስትለብስ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋልኝም። ከአባባ የወረስኩት ነው። አባቴ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ቤት ሲገባም ቁጭ ማለት የማያውቅ ሰው ነበር። ልጅ እያለሁ ከየሄደበት ችግኝ ይዞ ይመጣል። የጓሯችንን ቁልቁለት በድንጋይ እርከን ሠራው፤ ዳር ዳሩን አስታ፣ መሐሉን ኮሶና ወይራ ተከለበት። በዛፎቹ መካከል መንገድ አውጥቶ ግራና ቀኙን ጽጌረዳ አበቀለ። ዝናቡ ሲያባራ የእርጥብ አፈሩና የአበባው ሽታ እስከ ጎዳናው ይወጣ ነበር። እኛ ልጆች እዚያ ድብብቆሽ ስንጫወት መሽቶብን ስንቴ ተገርፈናል!

ታዲያ አባባ መንገድ በወጣ ቁጥር አጥር ጥሶ ማገዶ የሚቆርጥ አይጠፋም። አንድ ቀን ሲመለስ ትልቁ ኮሶ ተገንጥሎ አገኘው። በግኖ የንስሐ አባታችንን ጠራና አስገዘተ። እኚያ ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው፣ «ከዚህ ቅርንጫፍ የሰበረ፣ ቅጠል የበጠሰ ውጉዝ ይሁን!» አሉ። አባባ ከሁሉ በላይ ጮኾ «አሜን» አለ። እማዬ ብቻ፣ «አንተስ?» አለችው። «ደግሞ በገዛ ዛፌ ማን ይከለክለኛል?» ብሎ ሳቀባት።

ግዝት ግን ባለቤት አይለይም። ዛፎቹ አድገው ተቃቀፉ፤ ጽጌረዳው ጥላ በልቶት ደረቀ። መንገዱም ተዘጋ፤ ቅርንጫፍ ሳይሰብሩ መግባት የማይቻል ሆነ። ያን ጊዜ ቄሱ ቆላ ወርደው ገዳም ገብተዋል። አባባ ሌሎቹን ካህናት ቢለምን፣ «ያሰረው ይፍታው እንጂ እኛ ምን አግብቶን!» አሉት። መጥረቢያውን ይዞ አጥር ለአጥር ይንጎራደዳል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። እማዬ፣ «ኧረ በማርያም ተቀመጥ፣ ራሴን አዞርከው!» ትለዋለች። በመጨረሻ ቄሱን ሊፈልግ ሊማሊሞን ወረደ። ስንቁን የቋጠርኩለት እኔ ነበርኩ። ሲመለስ ገና ከፊቱ ገባኝ፤ እሱ ከመድረሱ በፊት ቄሱ አርፈው ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ መጥረቢያውን አላነሳም። ጸጉሩ እስኪሸብት፣ መስከረም በመጣ ቁጥር ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ወደ ውስጥ ያንጋጥጥ ነበር። እኔም ከጎኑ እቆም ነበር።

ዛሬ ደባርቅ ሌላ ናት። ባጃጁ፣ ፎቁ፣ ግርግሩ! የሰፈሩ ዛፍ ሁሉ ተቆርጦ አልቆ የኛ ጫካ ብቻ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ጠዋት ወፉ አያስተኛም። ያየው ሁሉ ያደንቃል። «አባትሽ እንዴት ያሉ አርቆ አሳቢ ነበሩ!» ይሉኛል። ደስም ይለኛል፣ ያንገበግበኛልም። አባባ እኮ ያን ሁሉ ዛፍ የተከለው ሊመላለስበት ነበር።