ለወርዋሪው የሰጠሁት የክርስትና ስም

የቤዝቦል ዱላ ኳስ ሲመታ የሚያሰማውን ያን ደረቅ ድምፅ ከመኪና ሬዲዮ ውስጥ ስሰማ፣ ከድምፁ በኋላ ለአንድ አፍታ ጸጥ ብሎ የሕዝቡ ጩኸት እንደ ጎርፍ ሲከተል፣ ዛሬም የአባቴ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ነኝ። ወንበሩ በፀሐይ ግሎ ጭኔን ይፈጀኛል፤ አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ ሌላውን ሬዲዮው ላይ አሳርፎ፣ ጨዋታውን ራሱ የሚሾፍረው ይመስል ወደፊት አጎንብሶ ይነዳል። ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከዴንቨር ጎን ባለችው አውሮራ፣ ከሃቫና ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ እኔም ከማባዛት ሠንጠረዥ በፊት በቃሌ የያዝኩት የቤዝቦሉን የምዕራብ ምድብ ሠንጠረዥ ነበር።

ምድቡ ውስጥ አምስት ቡድኖች አሉ። ከፋሲካ ሰሞን ጀምረው እስከ መስቀል ድረስ በየቀኑ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይጫወቱና መጨረሻ ላይ አንደኛ የሆነው ምድቡን ይወስዳል። የኛ የዴንቨሩ ቡድን ግን አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ወይም አምስተኛ ስለሚሆን፣ እኛ ቤት የራስን ማሸነፍ ከመጠበቅ የባላንጣዎቹን መሸነፍ መከታተል ይቀል ነበር። «የራሳችንን ውጤት በባዶ ሆዴ አትንገሪኝ» ይለኝ ነበር አባቴ ካልሲውን እያጠለቀ፤ «መጀመሪያ የሎስ አንጀለሶችን ንገሪኝ።» እኔም ከፍሪጁ ፊት ቆሜ እነግረው ነበር። ፍሪጁ ላይ፣ እናቴ ከለጠፈችው የጾም መቁጠሪያ አጠገብ፣ አምስት ቀለም ያላቸው ወረቀቶች በማግኔት ደርድሬ፣ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እንደ ውጤታቸው ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሳቸው ነበር። ሐምራዊዋ የኛ ነበረች፤ ከታች ብዙ ከመቆየቷ የተነሳ ጠርዟ በጁስ ጠብታ ተበላሽቶ ነበር። ብርቱካናማዋ የሳን ፍራንሲስኮ ነበረች። ሰማያዊዋ የሎስ አንጀለስ ስትሆን፣ እሷን ወደ ላይ በገፋሁ ቁጥር እጄ ይከብደኝ ነበር።

ሰማያዊዋ ግን ቤታችን ውስጥ ጠበቃ ነበራት። የክርስትና እናቴ እትዬ ዘነበች ከእናቴ ጋር በካርቱም የስደት ዓመታት በአንድ ምንጣፍ ላይ ያደሩ፣ ከእሷ ዐሥር ዓመት የሚበልጡ ሴት ናቸው። አሜሪካ ሲገቡ መጀመሪያ የኖሩት ሎስ አንጀለስ ነበር፤ እዚያ አንድ ሽማግሌ እየጦሩ፣ ሽማግሌው ከአልጋቸው ሳይነሱ ቀኑን ሙሉ ቤዝቦል ሲያዩ አብረው እያዩ፣ እንግሊዝኛቸውንም ከጨዋታው ተንታኞች ለቀሙት። ሽማግሌው ሲሞቱ እናቴ ጠርታቸው ዴንቨር መጡና ከእሷ ጋር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ገቡ፤ ቡድናቸውን ግን እንደ ማተብ ይዘውት መጡ። እኛ ቤት ሲመጡ ሰላም ከማለታቸው በፊት አንገታቸውን ወደ ኩሽና ሰገግ አድርገው ፍሪጁን ያዩ ነበር።

«ሰማያዊዬ ዛሬም ከላይ ናት!» ይሉና ጫማቸውን ያወልቃሉ።

«ገንዘብ ስላላችሁ ነው» ይላል አባቴ ከሶፋው ላይ።

«እናንተስ በምንድነው የምትመቱት? ከተማው ተራራ ላይ ስለሆነ ኳሱን ስሱ አየር ነው የሚወስድላችሁ። ጉልበት መሰለህ እንዴ?»

«አየሩን እኛ አልፈጠርነው፣ እትዬ። እርስዎም እኮ ይኸው እየተነፈሱት ነው።»

የዚያን ዓመት ፋሲካ በረዶ ጥሎ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የለበስነው ነጠላ ከመንገዱ ጋር ተመሳስሎ ነበር። ዶሮው ተበልቶ ካበቃ በኋላ፣ አባቴና እትዬ ዘነበች ስለ መጪው ውድድር ሲከራከሩ፣ እትዬ ድንገት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ «ዘንድሮ የእኔዎቹ ምድቡን ከወሰዱ ጠቅልዬ ወደ ሎስ አንጀለስ እመለሳለሁ። ስለቴ ይሁን!» አሉ። አባቴ ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ የምታነሣውን ሳህን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «በስለት አይቀለድም» አለች። በአማርኛ የሚነገር ቀልድ ሁሉ የማይገባኝ ቢሆንም ስለት ምን እንደሆነ ግን አውቅ ነበር፤ እናቴ እኔን ለመውለድ ተስላ ስለነበር፣ በየዓመቱ በማርያም ቀን የምንወስደውን ጥላ እኔ ነበርኩ የምሸከመው። ስለት ተነገረ ማለት ተፈጸመ ማለት ነው። ስለዚህ በማግስቱ ፍሪጁ ፊት ስቆም ወረቀቶቹ ጨዋታ መሆናቸው ቀርቶ ነበር።

ሰመሩን፣ የአሜሪካኑን በጋ፣ እንዲያ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ድንገት ጠቁሮ ሽምብራ የሚያህል በረዶ በአባቴ መኪና ጣሪያ ላይ ሲያወርድ፣ ወዲያው ደግሞ ፀሐይ ወጥታ የተቀጠቀጠ ሣር ሲሸት፣ እኔ የማስበው እዚያ በባሕሩ ዳርቻ ዝናብ የለም፣ ጨዋታቸው አይሰረዝም፣ ያሸንፋሉ እያልኩ ነበር። የኛ ቡድን ሊደርስባቸው እንደማይችል ገና ትምህርት ሳይዘጋ አውቄው ነበር። ሊያቆማቸው የሚችለው ሁለተኛ የነበረው የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ብቻ ስለነበር፣ ዕድሜ ልኬን ስጠላው የኖርኩትን ቡድን በድብቅ መደገፍ ጀመርኩ። አባቴ ጨዋታቸውን በሬዲዮ ሲያዳምጥ፣ ብርቱካናማዎቹ ነጥብ ሲያስቆጥሩ ከኋላ ወንበር ላይ ጡጫዬን ጨብጬ በእግሬ ወለሉን እመታ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ልክ ፍልሰታ ሲገባ የሳን ፍራንሲስኮው ዋና ኳስ ወርዋሪ፣ ፒቸሩ፣ ትከሻውን ታመመና ከሜዳ ወጣ፤ ብርቱካናማዋም በየጠዋቱ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረች።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ የታመመ ሰው ያለው ሁሉ የበሽተኛውን የክርስትና ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለዲያቆኑ ይሰጥ ነበር፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ቄሱ ስሞቹን አንድ በአንድ ያነቡና ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይጸልይላቸዋል። ፍልሰታን እንደ ትልቅ ሰው ጾሜ ነበርና ጸሎቴ እንደሚሰማ ፈጽሞ አልተጠራጠርኩም። ችግሩ ወርዋሪው የክርስትና ስም የለውም። ያለ ክርስትና ስም ደግሞ አይጸለይም። የማውቀው የወንድ የክርስትና ስም አንድ ብቻ ስለነበር እሱን ሰጠሁት፤ በሰንበት ትምህርት ቤት በተማርኩት ፊደል፣ «ገብረ ሚካኤል፣ ትከሻውን» ብዬ ጽፌ፣ አጥፌ፣ ለዲያቆኑ አቀበልኩ። ገብረ ሚካኤል የአባቴ የክርስትና ስም ነበር።

ቄሱ ሲያነቡት እናቴ ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ። ወንዶቹ በሚቆሙበት በግራ በኩል አባቴን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ለካ በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ለምርመራ ደም ሰጥቶ ውጤቱን እየጠበቀ ኖሯል። ፓርኪንጉ ላይ ጫማ እንኳን በወጉ ሳያጠልቁ ተገናኙ።

«ምን አለህ ሐኪሙ? ለምንድነው የምትደብቀኝ?»

«እኔ ነኝ የደበቅሁሽ? አንቺ አይደለሽ ውጤቱን ተቀብለሽ ለቄስ የሰጠሽኝ?»

ሴቶቹ ከበቡት። አንዷ ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ደረሰች። ሌላዋ፣ «እኔ ድሮም ፊቱ ልክ አይደለም ብዬ ነበር» ስትል፣ አባቴ ፊቱን በመኪናው መስታወት ማየት ጀመረ። ሊያስቀምጡት ሲሞክሩ ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«አባዬ አይደለም!» አልኩ። «ፒቸሩ ነው!»

«የቱ ፒቸር?»

«የሳን ፍራንሲስኮው። ትከሻውን ታሞ ነው። ሌላ የወንድ ክርስትና ስም አላውቅም።»

አባቴ መኪናው ላይ ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። «ስሜንስ ውሰጂው፤ ግን ለኛ ወርዋሪ ስጪው እንጂ! የኛዎቹ ሁሉም ታመው የለም እንዴ?» ሴቶቹም እየሳቁ፣ ጠበሉን ግን ለማንኛውም ብለው ረጩት። ያልሳቁት እትዬ ዘነበች ብቻ ነበሩ። አጎንብሰው ዓይኔን እያዩ፣ «ለምን የሳን ፍራንሲስኮውን?» አሉኝ።

«እነሱ ካላሸነፉ የእርስዎዎቹ ምድቡን ይወስዳሉ» አልኩ። «ከዚያ እርስዎ ይሄዳሉ።»

ቀና ብለው ነጠላቸውን ፈተው እንደገና አጣፉት።

በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሎስ አንጀለሶች ዴንቨር ሲመጡ እትዬ ትኬት ቆርጠው ወሰዱኝ። አባቴ በታክሲው አድርሶን ወደ ሥራው ሄደ። የተቀመጥነው ከላይ፣ ከባሕር ጠለል ልክ አንድ ማይል ከፍ ይላል ተብሎ ሐምራዊ ከተቀባው አንድ ረድፍ ጥቂት ዝቅ ብለን ነበር፤ እትዬ ሰማያዊ ኮፍያቸውን ከሻሻቸው በላይ ደፍተው፣ በላስቲክ የቋጠሩትን ቆሎ ከጎናችን ላሉት ባልና ሚስት ሳይቀር እያደሉ፣ ለእያንዳንዱ ዳኝነት ሐሳብ ይሰጡ ነበር። የእሳቸው ቡድን እየመራ ነበር። ጨዋታው እኩል ለእኩል ሲደርስ፣ ቆሎውን መሬት አስቀመጡት።

«ስሚኝ ልጄ። ዛሬ ቢሸነፉም፣ ምድቡን ባይወስዱም እሄዳለሁ።»

ዓይኔን ከሜዳው አላነሣሁም።

«ወንድሜ እዚያ ነው ያለው። ኩላሊቱ ደክሟል። በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ነው የሚውለው፤ ወስዶ የሚመልሰው ሰው የለውም።»

«ስለቱስ?»

«ስለት አልነበረም። ለእናትሽ ‹ትቼሽ ልሄድ ነው› ማለት አቃተኝ። በካርቱም ያን ሁሉ አይተን... አፌ አልታዘዝ አለኝ። ቡድኑ ይናገርልኝ ብዬ ነው። ማርያም ይቅር ትበለኝ።»

በመጨረሻው ተራ የኛ ቡድን ልጅ ኳሱን መታው። ያ ደረቅ ድምፅ መጣ፣ ያቺ አፍታ ጸጥታ መጣች፣ ከዚያ ስታዲየሙ ሁሉ ብድግ አለ። ኳሱ ከአጥሩ በላይ አልፎ ሲሄድ እትዬ ራሳቸው ከሰው ጋር ተነሥተው፣ «አየሩ ነው! አየሩ ነው!» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ሎስ አንጀለስን አሸንፈን ነበር፤ ሰመሩን ሙሉ የተመኘሁት ይኸው ሆኖ፣ የሠራልኝ ነገር ግን አልነበረም። የምጸልየው ለተሳሳተ በሽተኛ እንደነበር የገባኝ እዚያ ነው። ቦርሳቸውን ጎተት አደረግሁ።

«የወንድምዎ የክርስትና ስም ማነው?»

«ኃይለ ጊዮርጊስ» አሉ። እስክሪብቶ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ በትኬቱ ጀርባ ጻፍኩት። ምን እንደምሠራበት አልጠየቁኝም። ሳያውቁ ቀርተው ግን አይመስለኝም።

በማግስቱ እሑድ ቄሱ ሲያነቡት፣ እናቴ በካርቱም የምታውቀውን ያን ስም ስትሰማ ጭንቅላቷን ወደ እትዬ ዘነበች አዞረች። ቅዳሴው እንዳለቀ ሁለቱ የእትዬ መኪና ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዘጉ። አባቴና እኔ ከሩቅ ቆመን እናይ ነበር። መጀመሪያ እናቴ በእጇ ብዙ ተናገረች፤ ከዚያ እትዬ ተናገሩ። ቡድኑ አምስት ወር ሙሉ ሊናገረው ያልቻለውን አንድ ቁራጭ ወረቀት ተናግሮት ነበር። እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ በአራተኛው ቀን ሽሮና በርበሬ በየላስቲኩ እያሰረች፣ «እዚያ ያለውን አላምነውም» እያለች ሻንጣ መሙላት ጀመረች።

ሎስ አንጀለሶች ምድቡን ወሰዱ። እትዬ ከመስቀል በኋላ ሲሄዱ ሰማያዊዋን ወረቀት ከፍሪጁ አንሥቼ ሰጠኋቸው። በዚያ ፎል፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ፍሪጃችን ላይ አራት ወረቀቶችና ከላይ አንድ ክፍት ቦታ ቀሩ፤ አባቴ ብርቱካናማዋን ወደዚያ ሊያወጣ ሲል እናቴ እጁን መታችው።

አሁን የምኖረው እዚያው ዴንቨር፣ ሴንትራል ፓርክ በሚባለው፣ ድሮ የአውሮፕላን ማረፊያ በነበረው ሰፈር ነው። ሠንጠረዡን በእጄ አላንቀሳቅሰውም፤ ስነቃ ስልኬ ራሱ አስተካክሎ ይጠብቀኛል። ከአምስቱ መጀመሪያ የማየው ግን ያንኑ የሎስ አንጀለሱን ነው፤ ያኔ እንዲሸነፍ ነበር፣ ዛሬ እትዬ ዘነበች በምን ድምፅ ስልክ እንደሚያነሡ ለማወቅ ነው። ወንድማቸውን ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን ያመላልሱታል፤ በየመንገዱም ሬዲዮው ክፍት ነው። በቪዲዮ ስንነጋገር ከኋላቸው ፍሪጃቸው ይታየኛል፤ ወረቀቷ እዚያ ናት፣ ፀሐይ በልታት ሰማያዊ መሆኗን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ሰላም ሳይሉኝ፣ «የናንተዎቹስ ስንተኛ ናቸው?» ይላሉ።

«አምስተኛ» እላቸዋለሁ፣ አንደኛ ናቸው በሚል ድምፅ።