የቀሩት ሦስት ቅዳሜዎች

መምህር ቶሌራ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ጠዋት አርፈዋል። በማግስቱ አምቦ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መካነ መቃብር ቀበርናቸው። ከሸነን ዘመዶቻቸው መጥተዋል። ከእጃጂና ከጉደርም ያስተማሯቸው መጥተዋል። ሳይሰማ የቀረ ወዳጅ ካለ በዚህ ይስማ።

ወርቄ እባላለሁ። አምቦ ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። መምህሩ ልጄን ለሊሴን አስተምረውልኛል። መጻፍ ልማዴ አይደለም፤ ብዙ መናገርም አልወድም። ለመጻፍ የተነሣሁት በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ስላስመረረኝ ነው። ከመሥሪያ ቤታቸው የመጣው ሰው እንዲህ ብሎ አነበበ፦ «ለተጨማሪ ትምህርት ፍላጎት ሳያድርባቸው፣ ባሉበት ረክተው፣ እስከ መጨረሻው አገልግለዋል።» ሰዉ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም።

መምህር ቶሌራ የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትነው ሁለት ጊዜ አልፈዋል። ሁለቱንም ጊዜ መሥሪያ ቤታቸው አልለቀቃቸውም። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ ግን ይስቁ ነበር። «አዴ»፣ ወይዘሮ እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። «‹ምትክ አይገኝልዎትም› አሉኝ፣ አዴ ወርቄ። ምትክ የማይገኝልኝ ሰው መሆኔን ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው።»

ባሉበት የረካ ሰው የተባሉት እኒህ ናቸው።

ለሊሴ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ሥራ አጥታ ቤት ተቀምጣ ነበር። የመግቢያ ፈተናውን ሞክራ ወደቀች። የጣላት ዲስክሪት የሚሉት ሒሳብ ነው። ደብተሮቿን ሰብስባ የጨርቅ ቁርጥራጭ በማጠራቅምበት ከረጢት ውስጥ ከተተቻቸው። እኔ መልሼ አወጣኋቸውና ይዤ መምህሩ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆምኩ። ስማቸውን የሰማሁት ከጎረቤት ነው እንጂ አላውቃቸውም ነበር። ስንት እንዳገኘች ልነግራቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«ያገኘችውን ይተዉት። የትኛውን ተሳሳተች?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ፣ መምህር?»

«እሷስ ታውቃለች?»

ቤት ገብቼ ጠየቅኳት። አታውቅም። በማግስቱ ሄጄ ስነግራቸው «እንግዲያው ገና አልተፈተነችም» አሉ። ቅዳሜ መጡ።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ በየቅዳሜው መጡ። የለሊሴ ሁለት ጓደኞችና አንድ ሌላ ልጅ ተጨምረው ተማሪዎቹ አራት ሆኑ። የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ሰፊ ስለሆነ ትምህርቱ እኔ ቤት ሆነ። ሰሌዳ የለንም፤ በስፌት ጠመኔዬ ጠረጴዛው ላይ ይጽፋሉ። እኔ ዝቅ ባለችው በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ። ድምፁ እንዳይረብሻቸው ላቆም ስል «አያቁሙ፤ ፈተና ቤት ውስጥም የሚያስል ሰው አይጠፋም» አሉኝ። ለድካማቸው ምንም አልተቀበሉኝም። ምሳ ብቻ ይበሉልኛል።

ደንባቸው ጥብቅ ነበር። እርሳስና ላጲስ የያዘ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም። በእስክሪብቶ ይሠራል። የተሳሳተ መስመር በአንድ ሰረዝ ብቻ ይሰረዛል፣ በኋላ እንዲነበብ። መልስ አግኝቶ ቶሎ የጮኸውን አይሰሙትም፤ «የደረስክበትን አይደለም፣ የመጣህበትን አሳየኝ» ይላሉ። አንድ ቀን ለሊሴ ረጅም ማረጋገጫ ጽፋ ስትጨርስ መጀመሪያው መስመር ላይ ጣታቸውን አስቀመጡ። መነሻዋ ልክ አልነበረም። «ከሐሰት ከተነሣሽ የፈለግሽውን ሁሉ ማረጋገጥ ትችያለሽ» አሏት። «ስለዚህ ከምንም በፊት የተነሣሽበትን ፈትሺ።» እኔ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። ለእሷ የተነገረ ቢሆንም በልቤ አስቀመጥኩት።

ከእጃጂ የሚመጣ ኦላና የሚባል ወጣት ነበር። ጨዋታ ይወዳል፤ እኔን «አዮ»፣ እናቴ ይለኛል። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ይቀር ነበር። ያኔ መምህሩ ያመለጡትን ጥያቄዎች በእጃቸው ጽፈው ያስቀምጡለትና፣ መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ይልኩለታል።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል በነበረው ቅዳሜ ኦላና አንድ የቆጠራ ጥያቄ ሠርቶ መልሱ በዛበት። መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«አዴ ወርቄ፣ የእናንተ ሁዳዴ ስንት ቀን ነው?»

«ሃምሳ አምስት።»

«ረቡዕና ዓርብስ ይጾማሉ?»

«እንዴት አልጾምም!»

«እስከ ፋሲካ ስንት ረቡዕና ዓርብ አለ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። «አሥራ ስድስት።»

«እንግዲህ እስከ ፋሲካ የሚጾሙት ጠቅላላ ስንት ቀን ሆነ?»

«ሰባ አንድ» አልኩ፣ ሳላስብ።

ኦላና ጠረጴዛውን መታ። «አዮ፣ ፋሲካን አልፈውት ሄዱ እኮ! ዶሮውን ለኛ ትተውልን ነው?»

ለሊሴ ሳይቀር ሳቀችብኝ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «አንተ ምን ያስቅሃል? አሁን የሠራኸው ይህንኑ አይደለም? ረቡዕን አንዴ በሁዳዴ፣ አንዴ በረቡዕነቱ ቆጠርከው። እሳቸው አንዱን ረቡዕ ሁለቴ አይጾሙትም። የተደረበውን ቀንስ።» ከዚያ ወደ እኔ ዝቅ ብለው «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጾምዎን ለጠመኔ አዋልኩት» አሉ።

እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ጾሜን ፕሮቴስታንት ሲቆጥርልኝ ቅር ብሎኝ ነበር። በዚያ ሁዳዴ ግን ሥጋ ሳይጠይቁ፣ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ፣ በየቅዳሜው የጾም ምሳዬን በሉ። ቅሬታዬ በዚያው ቀረ።

አንድ ቀን ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ ጠየቅኳቸው። «እኔም እኮ አብሬ እየተፈተንኩ ነው» አሉኝ። ሁለት ጊዜ አልፈው መከልከላቸውን የነገሩኝም ያን ጊዜ ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ።

በርጩማዬ ዝቅተኛ ነች። ከእሷ ላይ ሆኜ የሰውን ፊት ሳይሆን ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ነው የማየው። መጀመሪያ የጫማቸውን ክር ሲፈቱ አየሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሰንደል ጫማ መጡ። ካልሲያቸው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ገብቶ፣ ከበላዩ እግራቸው አብጦ ነበር። ልጆቹ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ሳለ ጠየቅኳቸው።

«መምህር፣ እግርዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ኩላሊት ነው አሉኝ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጽፈውልኛል።»

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው።» ጠመኔውን አስቀመጡ። «ከሄድኩ ያስተኙኛል። ሦስት ቅዳሜ ነው የቀረው፣ አዴ ወርቄ። ልጆቹ ይፈተኑና እሄዳለሁ። ለጫልቱ እንዳይነግሩብኝ።»

ወይዘሮ ጫልቱ ባለቤታቸው ናቸው።

ይሂዱ ማለት ነበረብኝ። ይህን ለማለት መማር አያስፈልግም። እኔ ግን ጠረጴዛውን አየሁ። የልጄ ጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ግራፍ የሚባለው ክፍል ገና አልተጀመረም ነበር፤ ምን እንደቀራቸው እንደ ጸሎት በቃሌ አውቅ ነበር። አንዲት ልጅ ነው ያለችኝ። «እንደ ፈቃድዎ» አልኩ።

ተነሥቼም እግራቸውን የሚያሳርፉበት ሌላ በርጩማ አመጣሁላቸው። አላወቅኩም እንዳልል ያቺ በርጩማ ትመሰክርብኛለች።

ሦስቱንም ቅዳሜ መጡ። በመጨረሻው ቀን እግራቸውን በርጩማው ላይ ሰቅለው ሲያስተምሩ፣ ምንም የማያውቀው ኦላና «በርሲሳ፣ ዛሬ ንጉሥ ሆነው መጡ!» አላቸው። በርሲሳ ማለት መምህር ማለት ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው።

«ንጉሥ ከሆንኩማ፣ ያንን ግራፍ ሳትጨርስ ምሳ እንዳትበላ አዝዣለሁ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምሳውን ሳቀርብ ሁለት ጉርሻ ወስደው ተዉት።

ልጆቹ ሄደው ተፈተኑ። መምህሩ ከፈተናው በኋላ ባለው ሰኞ ሆስፒታል ገቡ፤ እንደተናገሩትም እዚያው አስተኟቸው። ውጤቱ ሲወጣ ለሊሴ አለፈች። ሁለቱ ጓደኞቿም አለፉ። ኦላና ወደቀ። ለሊሴ ደውላ ስትነግራቸው እንኳን ደስ አለሽ ካሉ በኋላ «ኦላናስ?» አሉ። መውደቁን ነገረቻቸው። «አጠገብሽ ካለ ስጪው።»

እኔ ቤት ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ተቀበላት። ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው የተሳሳተበትን ጥያቄ መስመር በመስመር አስነገሩት። ድምፃቸው እየደከመ ሲሄድ ይሰማ ነበር፤ አርፈው ይቀጥላሉ። ኦላና በጠመኔዬ ጠረጴዛው ላይ እየጻፈ ያለቅስ ነበር። «አየሁት፣ በርሲሳ። አየሁት» እያለ። ሳምንት ሳይሞላ አረፉ።

ቀደም ብለው ቢሄዱ ይድኑ ነበር ወይ? አላውቅም። ሐኪሙ ለቤተሰቡ «ቀደም ብለው ቢመጡ ይሻል ነበር» ብቻ ነው ያለው። አላውቅም ብዬ ግን ልደበቅበት አልፈልግም።

ከቀብሩ ወደ ለቅሶ ቤት ስንመለስ በዚያ በተነበበው ወረቀት እየተናደድኩ ነበር። በሰው ሬሳ ፊት እንዴት ይዋሻል እያልኩ። ድንኳኑ ውስጥ ወይዘሮ ጫልቱ ጠሩኝና እጄን ያዙ።

«ሆስፒታሉ ቀጠሮውን አራዘመብኝ ብሎኝ ነበር» አሉኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ጋ ነበር የሚውለው። ሕመሙን ነግሮሽ ነበር እንዴ፣ ወርቄ?»

«አልሰማሁም» አልኩ።

እጄን እንደያዙ ቆዩ። አምነውኛል።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቤቴ ስገባ ያ የመሥሪያ ቤት ሰው ያነበበውና እኔ የመለስኩት አንድ መሆኑ ገባኝ። እሱ መሥሪያ ቤቱን አዳነ። እኔ ራሴን አዳንኩ። እንዲያውም የእኔ ይብሳል፤ እሱ ለሕዝብ አነበበ፣ እኔ እጄን ለያዘች ባልቴት ዋሸሁ። ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። «ለእኔ ከነገርሽኝ ይልቅ ለሴትየዋ ንገሪ» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ለማንም ከመስጠቴ በፊት ወይዘሮ ጫልቱ ቤት ሄጄ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበብኩላቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ «እኔ ብሰማ ኖሮ አስሬም ቢሆን እወስደው ነበር» አሉ። ስነሣ አልተነሡም፤ እስከ በሩም አልሸኙኝም። አልፈርድባቸውም። ይታተም ወይስ ይቅር ብዬ ስጠይቃቸው ግን «ይታተም። የፈተናውንም አትተዪ፤ ሁለት ጊዜ ማለፉን ሰው ይወቅ» አሉኝ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩ።

መምህር ቶሌራ፣ ልጄ ትምህርቷን ጀምራለች። ኦላና ደግሞ ሊፈተን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሊሴ ከአዲስ አበባ በስልክ ታሠራዋለች። ለእርስዎ የሚበቃ ምስጋና የለኝም። እግዚአብሔር እርስዎን በቤቴ ስላሳለፈልኝ አመሰግነዋለሁ፤ ይዤ ስላስቀረሁዎት ደግሞ አለቅሳለሁ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ ሞተው አልለምንዎትም። በሕይወት ሳሉ ልልዎት ይገባ የነበረው ይሂዱ የሚለው ቃል ነበር።

በእናንተ ዘንድ ለሞተ ሰው አይጸለይም። በእኛ ይጸለያል፤ ይታገሡኝ። ለካህኑ ስምዎን ልሰጥ ሄጄ ስመ ክርስትናዎን ጠየቁኝ። በእኛ መዝገብ የለዎትም። ስለዚህ ለእሳቸው አልሰጠሁም። ቅዳሴ ላይ ስቆም በልቤ ሳይሆን በአንደበቴ፣ እናትዎ ሸነን ላይ ባወጡልዎት ስም ቶሌራ ብዬ እጠራዎታለሁ። አጠገቤ ያሉት ዞረው ያዩኛል። አንዷማ «ዝም በይ» ብላኛለች።

በሰላም ይረፉ፣ መምህር። ዝም አልልም።