የአባቴ ያረጁ ቃላት

አባቴ ደሴ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በስተርጅና እኔ ያለሁበት ስቶክሆልም መጡ። ስዊድንኛው ግን አልገባ አላቸው። “ጭንቅላቴ ሞልቷል” ብለው ተዉት። ከከተማው ዳር፣ ፊቲያ ባለው ቤታቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው የሚያዝናናቸው አንድ ነገር ነበር፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው የረሷቸው፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ፊደላት የሚያልቁ ያረጁ ቃላት። ሂዘር፣ ወደዚህ። ዚዘር፣ ወደዚያ። ዊዘር፣ ወዴት። ስዊዘር፣ ማመንታት። ከሁሉ የሚወዷት ኒዘርን ነበር፤ በብርድ መንቀጥቀጥ ማለት ናት። “ይቺን እንኳ ለእኛ ብለው ነው ያስቀመጧት” ይሉኝ ነበር፣ ብርድ ልብሱን ወደ አገጫቸው እየሳቡ።

እኔ ደግሞ ሥራዬ ሄምሼንስት ነው፤ ሱንድቢበሪ ውስጥ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በየቤታቸው እየዞርኩ እረዳለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ሳነሳ፣ ሳጥብ፣ ካልሲ ሳለብስ እውላለሁ። ከዚያ ቱነልባና የሚሉትን የምድር ውስጥ ባቡር ይዤ፣ መሃል ከተማ ላይ ቀይሬ፣ የራሴን አባት ላነሳና ላጥብ ፊቲያ እወርዳለሁ። ወገቤ አለቀ። አንዳንዴ እንቅልፍ ጥሎኝ ፊቲያን አልፌ የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ነው የምነቃው። ሰው መቼም ብረት አይደለም።

በመጨረሻ ለእሳቸውም ረዳት እንዲመደብልኝ ለኮሙኑ፣ ለአካባቢው አስተዳደር፣ አመለከትኩ። ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥታ ልታያቸው ሆነ። ሥራው የእኔው ስለሆነ ምን እንደምትጠይቅ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው።

“አባባ፣ ነገ የምትመጣው ሴትዮ የምታውቀው የነገሯትን ብቻ ነው። የማይችሉትን አልችልም ይበሏት። አደራ።”

“እሺ ልጄ” አሉኝ።

በማግስቱ ኮታቸውን ለበሱ፤ ክራባታቸውንም እኔው እንዳስርላቸው አዘዙኝ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የፈራው። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ታዋራቸው ጀመር። ብቻዎን ይታጠባሉ? “አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልቸገረኝም።” ምግብ ያሞቃሉ? “አልሐምዱሊላህ።” ወድቀው ያውቃሉ?

“አላህ ይጠብቀኛል” አሏት። ባለፈው ጁምዓ ከመታጠቢያ ቤት ወለል ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። አላስችል ብሎኝ “ኧረ ወድቀዋል!” ስል የቤቱን ገመና አደባባይ ያወጣሁ ያህል በዓይናቸው ገረፉኝ። እኛ ቤት ለእንግዳ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ አልጋ ላይ ተጋድሞም ቢሆን ደህና ነኝ ይባላል።

ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉ ስትጠይቃቸውማ ፊታቸው በራ። ሂዘር፣ ዚዘር፣ ዊዘር እያሉ አንድ በአንድ አስረዷት። እሷም እየሳቀች ተከትላቸው ደገመች፤ ኒዘር ላይ ሲደርሱ ትከሻቸውን አንቀጠቀጡላት። በር ላይ ስሸኛት “አባትሽ ከእኔ የነቁ ናቸው” አለችኝ በስዊድንኛ። እንዴት እንደምንኖር ልነግራት ሞከርኩ፤ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። በኋላ ደውላ፣ ለጊዜው እርዳታ አያስፈልጋቸውም ተብሏል አለችኝ።

“አባባ፣ ምን አደረጉኝ?” አልኳቸው።

“ለባዕድ ገመናዬን ላውራ? አንቺ አለሽልኝ።”

ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ተናድጄ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ከዚያ ወጥቼ እግራቸውን አጠብኩ።

ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ቃላቱን ሲደግሙ መስማት አስጠላኝ፤ ከዚያ ደግሞ ቀስ በቀስ እየተዉአቸው መጡ፤ ዝምታው ግን ባሰብኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እንደልማዳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ የወንበሩን ክንድ ይዘው ለመነሳት ታገሉ።

“ይግቡ፣ ይግቡ” አሉኝ። “ብርድ ነው። ይቀመጡ እንጂ።”

በአንቱታ ሲቀልዱብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም። ጫማዬን እንዳደረግሁ ቆሜ የዘወትሩን ጠየቅኋቸው።

“እንዴት ዋሉ አባባ?”

ክራባት የሌለበትን አንገታቸውን አስተካከሉ።

“አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልቸገረኝም” አሉኝ። “ልጅ አለችኝ። አሁን ትመጣለች።”