የያጎዳ ሳል

ቬሊቦር ነጭ ጫማ አድርጎ የመጣው በቃሪያ ጥብስ ሰሞን፣ ያውም ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከዚህ የባሰ ቀን ቢፈልግም አያገኝም ነበር። በዚያ ሰሞን ከተማችን በሙሉ ለክረምቱ ቀይ ቃሪያ ይጠብሳል። ልብስ የሚያሰጣ የለም፤ ውሾቹ ሳይቀሩ ያስነጥሳሉ። አክስት ያጎዳ ከሕንጻችን በር አጠገብ ምድጃዋን አቀጣጥላ፣ ሽርጧን ታጥቃ፣ ጣቶቿ ጠቁረው ቃሪያ ትልጣለች። እኔ ከሁለተኛ ፎቅ ወርጄ አግዛታለሁ። ማገዝ ስል፣ እሷ አሥር ስትልጥ እኔ አንድ እልጣለሁ ማለቴ ነው።

«ያጎዳ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» አለ ሰውዬው ከጭሱ ወዲያ ቆሞ።

«ከግብር ቢሮ ከሆንክ አይደለሁም።»

«ቬሊቦር እባላለሁ። ሼቫን ገዝቻታለሁ።»

ያጎዳ የያዘችውን ቃሪያ አስቀመጠች። «የት አግኝተሃት? ሼቫ እኮ ሞታለች። ቀብሯ ላይ ነበርኩ።»

ሼቫ ማለት ንጋት ላይ ከማሳ እየተነሳች የምትዘምር ትንሽ ወፍ ናት። ለእኛ ለዚህ ከተማ ልጆች ግን መጀመሪያ ኮምፒውተር ናት። በሰማንያዎቹ፣ አገሪቱ ገና ሳትከፋፈል አንድ በነበረችበት ጊዜ፣ እዚሁ ከወንዙ ማዶ ባለው ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ግራጫ ሳጥን፣ ቡናማ ቁልፎች፣ ጥግ ላይ የወፏ ምስል። ቬሊቦር ፋብሪካው ሲፈርስ ከወረቀት ክምር ውስጥ ተጥሎ የቆየውን የንግድ ስሟን ገዝቶ፣ በአዲስ ዘመን ዕቃ ሊያስነሳት ነው የመጣው። ሳጥኑ ያው፣ ቁልፉ ያው፣ ወፏም ያችው፤ ሆዷ ብቻ አዲስ።

«ታዲያ ከእኔ ምን ትፈልጋለህ? ቃሪያ?»

«ፊርማዎን» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያጎዳ በሃያ አራት ዓመቷ ፋብሪካ ገባች፤ በሠላሳዋ የመጨረሻው ፍተሻ ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። እዚያ የተቀመጠችው በጆሮዋ ጥራት ነው። ያን ጊዜ የኮምፒውተር ጨዋታ በካሴት ይመጣል፤ አንዳንዴም ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው ሬዲዮ ይተላለፋል። አስተዋዋቂው «አሁን ጸጥታ» ይላል፤ ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ያህል ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይለቀቃል። ጩኸቱ ጨዋታው ራሱ ነው፤ ማሽኑ ሰምቶ ይረዳዋል። ሌሎቹ ማሽኖች ጩኸቱን በገመድ ነበር የሚቀበሉት። ሼቫ በተወለደችበት ዓመት ግን ገመድ ከገበያ ጠፋና መሐንዲሶቻችን ሳጥኑ ላይ ማይክሮፎን ገጠሙላት። ሬዲዮውን አጠገቧ ታስቀምጥና ዝም ትላለህ። ዝም የምትለው አንተ ብቻ አይደለህም፤ ሕንጻው በሙሉ ዝም ይላል። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ሥጋ የሚፈጭ፣ ምስማር የሚመታ፣ ሚስቱን የሚቆጣ ሰው እኛ ሕንጻ ውስጥ አልነበረም። አባቴ ከፋብሪካው በቀር ይህን ያህል ሰላም ያወረደልን መንግሥት የለም ይል ነበር።

የያጎዳ ሥራ እያንዳንዷን ሼቫ ካሴት ማሰማትና መሀል ላይ ማሳል ነበር። አዎ፣ ማሳል። ጥሩ ማሽን ሳሉን ሰምታ ቆም ትልና «አልሰማሁም፣ እንደገና» ብላ ትጽፋለች። መጥፎዋ ሳሉንም ከጨዋታው ጋር ቀላቅላ ትውጥና በሦስተኛው ቀን የልጁን ሥራ ሁሉ ታጠፋበታለች። ላለፈችው ያጎዳ በትንሽ ካርድ ላይ ፈርማ ሳጥኑ ውስጥ ትከታለች። በመላ አገሪቱ ሼቫ የከፈተ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ስም ነው። ከመቄዶንያ ድረስ የጋብቻ ጥያቄ መጥቶላታል፤ ያውም ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ።

«ሰው አሁንም ካርዷን ያስታውሳል» አለ ቬሊቦር። «ያለ እርስዎ ስም ሼቫ ሼቫ አትሆንም።»

«እፈርማለሁ» አለች ያጎዳ። «ሞክሬ ካለፈች።»

«ምን ችግር አለው፣ አክስቴ! ይቺ እኮ የድሮዎቹን ሺህ እጥፍ ጉልበት አላት።»

«ጉልበቷን ለጭነት አድርገው። እኔ ጆሮዋን ነው የምፈትሸው።»

እሱ ከሄደ በኋላ ያጎዳ ቃሪያዋን መላጥ ቀጠለች። 

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችኝ። «በመጨረሻው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ከዓመቱ የምርት ዕቅድ ሁለት መቶ ማሽን ጎደለ። አለቃው ካርዶቹን ከምሮ አመጣና ‹ያጎዳ፣ ዛሬ ሳል የለም፤ ፈርሚ ብቻ› አለኝ። ፈረምኩ። አንዷንም አልሰማኋትም። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ተዘጋ፤ እኔም ዳቦ ቤት ገባሁ። ዳቦ እንኳ ስሸጥ አንድ ሰው ከእነዚያ አንዷን ይዞ መጥቶ ‹ይሄ ስም ያንቺ ነው?› የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ሼቫ ነበረችህ አይደል? መቼ ነው የተገዛችልህ?»

የእኔ ሼቫ ትሠራ የነበረው በግራ በኩል መዝገበ ቃላት ሲደገፍላት ነው። ያም ሆኖ በአሥረኛው ቀን ሁሉን ነገር ትረሳለች። አባቴ የገዛልኝ በዚያው ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ለአዲስ ዓመት ስጦታ ነበር።

«ከዚያ በፊት» አልኳት። «ከሁለት ዓመት በፊት። እንደ ሰዓት ነበር የምትሠራው።»

«እሰይ» አለችና ወደ ቃሪያዋ ተመለሰች። በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች የማልጸጸትበት ይሄኛው ብቻ ነው።

ፈተናው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጠረ። የከተማው ሬዲዮ ነገሩን ሲሰማ ደስ አለውና ከድሮዎቹ ጨዋታዎች አንዱን አምስት ሰዓት ላይ ሊያስተላልፍልን ተስማማ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ በየበሩ እየዞርኩ ቃሪያ መፍጫ እንዳይነሳ ለመንኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ስቶያዲን ብቻ አስቸገረ።

«ሃያ ኪሎ ቃሪያ አዘጋጅቻለሁ! ኮምፒውተሩ ይፈጭልኛል?»

«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ጋሼ ስቶያዲን።»

«ለያጎዳ ስል ነው። ለአንተ ቢሆን መጥረቢያም አነሳ ነበር።»

ቬሊቦር አዲሷን ሼቫ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ያጎዳ ቤት መጣ። አብራው ማሽኗን የሠራችው መሐንዲስ ኔቬና ነበረች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጥፍሯን የምትበላ ልጅ። ያጎዳ እንደ እንግዳ ወጋችን ለእያንዳንዳቸው አንድ ማንኪያ የቼሪ ማርማላታና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጠቻቸው። ከዚያ ማሽኗን ዞራ ዞራ አየች። ቡናማዎቹን ቁልፎች ዳበሰች፤ የወፏ ምስል ላይ ጣቷን አሳረፈች። ዓይኗ እንባ ማቅረሩን አይቻለሁ፤ ማየቴን ካወቀች ግን ቃሪያው ነው ማለቷ ስለማይቀር ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አምስት ሰዓት ሆነ። «አሁን ጸጥታ» አለ አስተዋዋቂው። የኔ ነገር፣ ጠጉሬ ቆመ። ጩኸቱ ተለቀቀ፤ ከማሽኗ ጋር በተገናኘው ቴሌቪዥን ላይ ያ ጨዋታው እየገባ ሲሄድ የምናውቀው ሰማያዊና ቢጫ መስመር ወደ ላይ መሮጥ ጀመረ። ከላይ ድምፅ የለም፤ ከደረጃው ድምፅ የለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሕንጻችን እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም።

በሁለተኛው ደቂቃ ያጎዳ አሳለች።

መስመሩ ይሮጣል። ያጎዳ ወደ ማሽኗ ጠጋ ብላ ደግማ አሳለች፤ በዚህኛው ሳል ሐኪም ቤት ቢሆን ኖሮ አልጋ ይሰጧት ነበር። መስመሩ ይሮጣል። ማንኪያዋን አንስታ ብርጭቆውን ደበደበች። ምንም። ያን ጊዜ እጇን ዘረጋችና ሬዲዮውን ዘጋችው።

ክፍሉ ጭጭ አለ። መስመሩ ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ ወደ ላይ መሮጡን ቀጠለ። ሮጦ ሮጦ ጨረሰና ወፏ በስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፤ ክንፏን አራግባ ዘመረች። ቬሊቦር አጨበጨበ። ብቻውን እንደሆነ ሲያውቅ አቆመ።

«ልጄ» አለች ያጎዳ፣ «ይቺ ማሽን ማንን ነው የሰማችው?»

ቬሊቦር ኔቬናን አየ። ኔቬና ጥፍሯን።

«ጨዋታው ቀድሞውኑ ውስጧ አለ» አለች ኔቬና ቀስ ብላ። «መስመሩ ለማሳመር ነው። ማይክሮፎን የላትም፤ የምታዩት ቀዳዳ ባዶ ነው።»

«አክስቴ፣ እስቲ ይረዱኝ» አለ ቬሊቦር። «ሰው የሚፈልገው ትዝታውን ነው። ማን ነው ገዝቶ ቤቱ ወስዶ መሀል ላይ ሬዲዮ የሚዘጋ?»

«እኔ! ሥራዬ እኮ መዝጋት ነበር። ሺህ ማሽን የሚያህል ጉልበት ይዛ አንዲት የአሮጊት ሳል ካልሰማች፣ ወፏን አውርድና ድንች አድርግበት።»

«ግን እኮ ካርዱ ታትሟል!» አለ፤ አመለጠው። ከቦርሳው ውስጥ የካርዶቹ ጥቅል ታየ። ያጎዳ እጇን ዘረጋች፤ እምቢ ማለት አልቻለም። አምስት መቶ ካርድ ነው። በእያንዳንዱ ላይ፣ ከአንድ አሮጌ ካርድ የተቀዳ፣ የእሷ ፊርማ።

ያጎዳ አንዱን አነሳች፤ ቀጥሎ ከመሀል ሌላ አንድ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ አየቻቸው።

«ያኔ ሁለት መቶውን ያለ ፈተና ስፈርም ቢያንስ እጄ ነበር» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «አሁን እጄንም አልጠየቃችሁት።»

ተነሳችና ጥቅሉን ይዛ ወጣች። በሩ ደጃፍ ላይ ለሁለተኛ ዙር የተዘጋጀ ምድጃ ነበር። ካርዶቹን ከእንጨቱ ሥር አስገብታ ክብሪት ጫረች። ጥሩ ወረቀት ነበር፤ ወዲያው ተያያዘ። ቬሊቦር ራሱን ይዞ «ቃሪያ ትጠብስበታለች! በገዛ ስሟ ቃሪያ ትጠብስበታለች!» እያለ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ስቶያዲን በሦስተኛ ፎቅ መስኮት ብቅ ብሎ «አለቀ? መፍጨት ይቻላል?» ብሎ ጮኸ።

«ፍጭ!» አለችው ያጎዳ።

ኔቬና እሳቱ አጠገብ ቆማ እጆቿን ታሞቃለች። «እውነተኛ ጆሮ ልሠራላት እችላለሁ» አለች። «ከመጀመሪያውም ፈልጌ ነበር። አራት ሳምንት ስጠኝ ብዬው ነበር።»

ሁላችንም ቬሊቦርን አየነው። ስልኩን አወጣ፤ መልሶ ከተተው። ሽያጩን ለማን ለማን ቃል እንደገባ ያሰበ ይመስለኛል። ከዚያ እሳቱን አየ፤ ያጎዳን አየ።

«አራት ሳምንት» አለ። «ግን ቃሪያውን እኔም እቀምሳለሁ።»

አራቱ ሳምንት ስድስት ሆነ፤ የእኛ አገር ሳምንት እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ውርጭ በወረደ ዕለት ያጎዳን በመኪናዬ ከወንዙ ማዶ አደረስኳት። ከፋብሪካው የተረፈችውን አንዲት አዳራሽ ቬሊቦር ተከራይቶ አምስት ጠረጴዛ አስገብቶባታል። የጓደኞቼ አባቶች ይሠሩበት የነበረውን ቀሪ ግቢ ሣር በልቶታል። ያጎዳ ግራ ቀኝ አላየችም። ቀጥ ብላ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ካሴት» አለች።

ኔቬና ቴፑን ከፈተች። ጩኸቱ ጀመረ፤ መስመሩ ሮጠ። ኔቬና ትንፋሿን ይዛለች። ያጎዳ እስከ ሦስተኛው ደቂቃ ጠበቀች፣ ልጅቷን ለማሠቃየት ይመስለኛል፤ ከዚያ አንዴ፣ በትንሹ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሳል፣ አሳለች።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አልሰማሁም፣ እንደገና» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ተበላሸ!» ብሎ ቬሊቦር ከወንበሩ ተስፈነጠረ። «ኔቬና፣ ገደልሽኝ! ተበላሸ!»

«ዝም በል አንተ» አለች ያጎዳ እየሳቀች። «ጆሮ አወጣች።»

ካሴቱ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ ማንም አልተነፈሰም፤ ወፏም መጣች። ያጎዳ ባዶ ካርድ ጠይቃ ቁጥር አንድ ብላ ጻፈች፤ ቀኑን ጻፈች፤ ስሟን ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ፈረመች። ከዚያ ካርዱን ገፋ አድርጋ እጇን ዘረጋች።

«ቀጣዩ።»

«አክስቴ፣ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ይቀራል እኮ» አለ ቬሊቦር። «የቀሩትን እናትማቸው።»

«ታዲያ ብዙ ከቀረ ምን ቆመህ ታወራለህ? አምጣ!»

ከቀትር በኋላ ልወስዳት ስመለስ ድምፅዋ ተዘግቶ አገኘኋት። ቀኑን ሙሉ ስታስል ውላ በጉሮሮዋ የቀረው ንፋስ ብቻ ነው። ኔቬና ማርና ትኩስ ወተት አጠገቧ ደርድራላታለች። መኪና ውስጥ ስንት እንዳለፈ ጠየቅኳት። አሥር ጣቶቿን ዘረጋች፤ አንድ ጨመረች። አሥራ አንድ። ከዚያ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሁለት ጣት አሳየችኝ፤ የወደቁት፣ ያልፈረመችላቸው ናቸው። እነዚያን ሁለት ጣቶች ድልድዩን እስክንሻገር ድረስ አላወረደቻቸውም።