ይማርሽ እና ባለ ሦስት ጥላው ሰውዬ

መሪጌታ ወልደ ኪዳን ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልጅ ሲያስተምሩ ኖሩ። ከጎንደርና ከጎጃም ሳይቀር እየመጣ፣ ላሊበላ ላይ እግራቸው ሥር የተቀመጠው ተማሪ ቁጥር የለውም። የገዛ ልጃቸውን ይማርሽን ግን አንድ ቀን እንኳ «ሀ በዪ» ብለዋት አያውቁም። እሷ ፊደል የቆጠረችው በሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ካረፉ፣ ባሏም ወደ ሰሜን ዘምቶ ከቀረ በኋላ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላስታ የገባ ጊዜ። በስምንት ወር ጋዜጣ ታነብ ጀመር። ቀበሌው ይህን አይቶ፣ ከገበያው ወረድ ብላ ያለችውን አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ ማንበቢያ ቤቱን፣ ከነቁልፉ አስረከባት።

መደርደሪያውን የሞሉት ጀርባቸው ቀይ የሆነ የፖለቲካ መጻሕፍት ነበሩ። ከይማርሽ የአቧራ ጨርቅ በቀር የሚነካቸው አልነበረም። የሚነበቡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ወደ ኮምቦልቻ የተዛወረ አንድ የጤና ረዳት ትቷቸው የሄደው የሙሉሃብት ከፋለ ልብ ወለዶች። ሙሉሃብት በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ሰው መብራት ሳያጠፋ እንዲተኛ የሚያደርግ አስፈሪ ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ነበር። መጻሕፍቱ ከእጅ እጅ ሲዞሩ ገጻቸው ስለረገፈ ይማርሽ በመርፌ ሰፍታቸዋለች።

በ1981 ዓ.ም. ከትንሣኤ በፊት ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። አውሮፕላኑም መምጣቱን ተወ። በተራራው ዙሪያ አማፅያኑ አሉ፤ በከተማው ውስጥ ጦሩ አለ። ያለ ይለፍ ወረቀት ከመጨረሻው ምሽግ ማለፍ አይቻልም፤ ይለፍ ወረቀት ደግሞ የሚሰጠው የለም። እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ማንበቢያ ቤቱ የሚሰበሰቡት ሰዎች እንግዲህ መሄጃ ያጡ ናቸው። የሒሳብ መምህሩ የሻው ሚስቱና ልጁ ደብረ ማርቆስ ናቸው፤ የዝውውሩ ደብዳቤ የደረሰው መንገዱ በተዘጋ በሳምንቱ ነው። አሥር አለቃ ምስጋኑ ከምሽግ ፈቃድ ያገኘ ቀን ይመጣል። ልብስ ሰፊው መሐመድም አለ፤ እሱ መጨረሻ ያነበበው መጽሐፍ ሁልጊዜ ይበልጥበታል።

የሚከራከሩት በአንድ ነገር ነው፤ ከሙሉሃብት መጻሕፍት የትኛው ይበልጣል?

«‹የጓዳው እስትንፋስ› ነዋ!» ይላል ምስጋኑ። አዲስ ሙሽራ ምሽት ላይ ከባዶ ጓዳ የሰው ትንፋሽ የምትሰማበት ታሪክ ነው። «እኔ ጓዳ የለኝም፣ ምሽግ ነው ያለኝ። ግን ያን መጽሐፍ ካነበብኩ ወዲህ ጆሮዬን ወደ ምሽጉ ግድግዳ ጥዬ ነው የምተኛው። ከመድፍ ሌላ የምፈራው ነገር በማግኘቴ፣ እውነቴን ነው፣ ዕረፍት አገኘሁ።»

የሻው ይስቃል። የእሱ ምርጫ «ባለ ሦስት ጥላው» ነው። አንድ እንግዳ ሰው ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይመጣል፤ ፀሐይ ላይ ሲቆም ሦስት ጥላ ይወድቅለታል። ከሦስቱ አንዱን የረገጠ ሰው ከከተማዋ መውጣት አይችልም። «እዚህ ላይ ስሌቱን እዩልኝ» ይላል የሻው፣ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስል ጣቱን አንሥቶ። «አንዲት ገጽ እንኳ ትርፍ የላትም። ያንቺ መጽሐፍ ግን እት ይማርሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ አንዲት ሴት በር ታያለች።»

ይማርሽ የምትወደው «ቁልፉ ከውስጥ ነው» የሚለውን ነው። አንዲት መበለት ቤቷን ራሷ ከውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን ጨብጣ፣ መክፈት ግን ያቅታታል።

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራው» ትላለች። «ያንተ ሰውዬ ይመጣል፤ ጥላውን አይተህ ዞር ትላለህ። የእሷስ? ከማን ትሽሽ?»

«ዞር ማለትማ ቢቻል!» አለ የሻው አንድ እሑድ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኛ ራሳችን የማንን ጥላ ረግጠን ነው መውጣት ያቃተን? እስቲ ንገሩኝ! የማንን?»

መሐመድ ጉሮሮውን ጠራረገ። ይማርሽ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፤ ዘግይታ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ጓድ ገብረመስቀል አስጠራት። የከተማው ካድሬ ነው። የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ልጅ ሲሆን፣ በልጅነቱ ከመሪጌታ ወልደ ኪዳን ዘንድ ዳዊት ደግሟል። ይማርሽ ያኔ ለተማሪዎቹ ውሃ ትቀዳ ነበርና ታስታውሰዋለች፤ ጆሮው እስኪቀላ የሚያጠና ልጅ ነበር። አሁን ጠረጴዛው ላይ «ባለ ሦስት ጥላው» ተዘርግቷል። ብዙው መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

«ባለ ሦስት ጥላው ማን ነው?»

«ሰውዬ ነው፣ ጓድ።»

«ምን ዓይነት ሰውዬ?»

«ሦስት ጥላ ያለው።»

ገብረመስቀል አልሳቀም። «መምህር የሻው እሑድ ለት ምን እንዳለ ደርሶኛል። አንቺ የመሪጌታ ልጅ ነሽ፤ ላጠፋሽ አልፈልግም። ‹ሰውዬው መንግሥት ነው ብሎ ተናግሯል› የሚል ቃል አለ፤ ፈርሚበትና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«እንዲያ ሲል አልሰማሁትም።»

«እስክትሰሚው ድረስ ታስቢበታለሽ እንግዲህ።»

ድሮ የእርዳታ ስንዴ ይከማችበት ወደነበረው መጋዘን አስገቧት። ባዶ ጆንያ አንጥፋ ተቀመጠች። ቆርቆሮውና ግድግዳው ባልገጠሙበት ክፍተት የአሸተን ተራራ ጎን ይታያታል፤ ደመና ሲሸፍነው እሱም የለም። ሰኔ ነበርና ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የገዛ ሐሳቧን አያሰማትም። እናቷ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ በየቀኑ ምግብ ይዘው ይመጣሉ፤ ግን ከበር ይመለሳሉ። አንድ ቀን ውጭ ቆመው ዘቡን ሲያነጋግሩ ሰማቻቸው። «ሰው በሰረቀ፣ ሰው በገደለ ይታሰራል። የእኔ ልጅ በጋኔን ታሪክ? ለሰው ምን ብዬ ልንገር?» አሉ።

ይማርሽ ጀግና አልነበረችም። በአራተኛው ቀን ቆረጠች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ልፈርም፣ አለች። የሻው እንደሆነ ወንድ ነው፣ የተማረ ነው፣ ይችለዋል። ደግሞስ ቃል በቃል ባይለውም ያሰበው ያንን አይደል? በሩን ደበደበች። ተረኛው ምስጋኑ ነበር።

«ጓድን ጥራልኝ፤ እፈርማለሁ።»

«ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ነው የሚመጣው» አላት ከበሩ ወዲያ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እት ይማርሽ፣ እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ። የሻውንም ጠርተውት ነበር፤ ፈርሟል። በሁለተኛው ቀን። ያንን ቃል ያለችው እሷ ናት ብሎ ነው የፈረመው። አሁን ቤቱ ነው ያለው።»

ጆንያው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት አልነበረም፤ ዕፍረት ነው። እሱ ያደረገውን እሷም ልታደርገው በር ስትደበድብ ነበርና። ንዴቱ ቆይቶ መጣ፤ በመጣ ጊዜም እስኪነጋ አልለቀቃትም።

በማግስቱ ገብረመስቀል ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ራሱ መጣ። «ሰምተሻል መሰለኝ። እሱ ሸጦሻል። አሁን ብትፈርሚ ማን ይፈርድብሻል?»

እስክሪብቶውን ተቀበለች። ወረቀቱን ግን ሳታነብ መፈረም አልሆነላትም፤ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ ሳታነብ ያለፈችው ጽሑፍ የለም፣ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «አረጋግጣለሁ» ይላል። ካነበበቻቸው ውሸቶች ሁሉ የዚህ አጻጻፍ ደካማ መሰላት። ቀና ብላ አየችው።

«መጽሐፉን ጨርሰኸዋል?»

ጓድ ማለቷን እንደተወች ሁለቱም ልብ አሉ።

«ሁለት ጊዜ» አለ ገብረመስቀል። ወደ ክፍተቱ፣ ወደ ተራራው ዞረ። «መጨረሻው ላይ ሰውዬው ራሱ ከከተማዋ ሊወጣ ሲል የገዛ ጥላውን ይረግጣል። የሻው ይህን አልነገራችሁም? እኔ ሦስት ጊዜ ዝውውር ጠይቄአለሁ፣ ይማርሽ። ሦስት ጊዜ ከልክለውኛል።»

ለምን እንደነገራት ያወቀ አይመስልም። ወዲያው ፊቱን አጠቆረ። «ትፈርሚያለሽ አትፈርሚም?»

«ባለ ሦስት ጥላው ማን እንደሆነ አይደል የጠየቅኸኝ? ያነበብኩትን እጽፍልሃለሁ።»

ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው ጻፈች፤ ሌላም አስጨመረች። እንግዳው ከወዴት እንደመጣ፣ ጥላውን ማን መጀመሪያ እንዳየ፣ ማን እንደረገጠ፣ መጨረሻው እንዴት እንደሆነ፣ አራት ገጽ ሙሉ። ከሥሩ «ያነበብኩት ይህን ነው» ብላ ፈረመች። አንድ መስመር እንኳ አልተጣመመባትም።

ገብረመስቀል ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ቀዶ ሊጥለው ይችል ነበር፤ አልቀደደውም። «ወደ በላይ አካል ተልኮ መልስ እስኪመጣ ትቆያለሽ» ብሎ ወጣ።

የበላይ አካል ያለው ወልዲያ ነው። የወልዲያ መንገድ ዝግ ነው። ወረቀቱ የካድሬው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ፤ ይማርሽም መጋዘኑ ውስጥ። የሚፈርድባትም የሚፈታትም ሰው በሌለበት ሐምሌ አለፈ። አንዳንዴ ምስጋኑ ተረኛ ሲሆን በበሩ ቀዳዳ ስለ መጻሕፍቱ ይጠይቃታል። እሷ ግን ስለ ፍርሃት ማውራት አስጠልቷት «ተወኝ እባክህ» ትለዋለች። ፀጉሯ ከጆንያው ብናኝ ጋር ተያያዘ። ቀኑን የምታውቀው በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው፤ ፍልሰታ የገባ ዕለት አለቀሰች፣ በዚያ ጾም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከቅዳሴ ቀርታ አታውቅምና።

ፍልሰታ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ የመኪና ጩኸት ሰማች። ጦሩ ከተማውን ለቆ ሊወጣ ነው። ቁልፉ ተንቋቋ፤ ምስጋኑ ሙሉ ትጥቁን ታጥቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ሂጂ» አለ። «ጓድ ገብረመስቀል ከፊተኛው መኪና ላይ ነው። ስለ አንቺ ምንም አላዘዘም። ስለዚህ እኔ አዝዣለሁ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ወደሚወስዱኝ።» መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ሮጠ። ከዚያ በኋላ ወሬውን የሰማ የለም።

የሻው የመጣው በሳምንቱ ነው። አጥሩ በር ላይ ቆመ፤ ከስቶ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። «ገብረመስቀል ይለፍ ወረቀት እሰጥሃለሁ ብሎኝ ነበር» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ልጄን ከሁለት ዓመት በፊት ነው ያየኋት። ብፈርምለትም አልሰጠኝም። ይኸው፣ እዚሁ ነኝ።»

ይማርሽ እስከ አጥሩ በር ወጣች። ስትጮህበት፣ ስትሰድበው መጋዘኑ ውስጥ ስንት ጊዜ አስባው ነበር! አሁን ሲመጣ አንዱም ቃል አልመጣላትም። ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ከቤት ሆነው «ደጅ የቆመው ማን ነው? ግባ በሉት!» አሉ።

«እናቴ ግባ ብላሃለች» አለችው ይማርሽ። «እኔ አላልኩም።»

ገባ። የቀረበለትን ሽሮ አንገቱን ደፍቶ በላ። በሚቀጥለው እሑድም መጣ፤ ሳይባል የአሮጊቷን እንጨት ፈለጠ። መንገዱ አሁንም በጦርነት ዝግ ነበርና ወር በወር ላይ ተጨመረ። ከተማዋ አንድ ገበያ፣ አንድ ምንጭ፣ አንድ አቀበት ናት፤ ሰው ከሰው መደበቅ አይችልባትም። ይማርሽ ቀስ በቀስ ሰላምታውን መመለስ ጀመረች። ከሰላምታ ግን አላለፈችም።

መንግሥት ተለውጦ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ የሻው በጭነት መኪና ላይ ሊሳፈር መጣና ተሰናበታት። «ይቅር ብለሽኛል?» አላት።

ብዙ አሰበችበት። መዋሸት አልፈለገችም። «ገና ነኝ» አለችው። «ልጅህን ሳምልኝ። በደህና ግባ።»

መኪናው ወደ ወልዲያ ሲያቆለቁል አላየችውም። አባቷ ያስተምሩበት በነበረው ግቢ፣ ሾላው ሥር፣ ስድስት ሴቶች ፊደል ሊቆጥሩ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። አንዷ የሃምሳ ዓመት ባልቴት ናቸው፤ «ለ»ን ከ«ሰ» መለየት ገና አልሆነላቸውም። ይማርሽ ነጠላዋን አመቻችታ ከአጠገባቸው ተቀመጠችና ፊደሉን በጣቷ አፈሩ ላይ ጻፈችላቸው።