በሩ ሲዘጋ የሚጠፋው ፓወር ሰፕላይ

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ሱዳን፣ ጀብራ ውስጥ በአንድ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ነበርኩ። እስከ ዛሬ ሳስታውሳት የምናደድባት አንዲት ፓወር ሰፕላይ አለች። ከመስመር የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ሃያ አራት ቮልት ቀይራ ለማሽኑ ሴንሰሮችና ቫልቮች የምታከፋፍል ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። እሷ ከጠፋች ማሽኑ ይቆማል።

እሷም በየቀኑ ረፋዱ ላይ ትጠፋ ጀመር። የተገጠመችበትን ካቢኔ ከፍቼ ትንሽ ስቆይ አረንጓዴ መብራቷ ይበራል፤ ስለካት ሃያ አራት፣ ምንም አልጎደላት። ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ሾርት ይኖር ይሆናል ብዬ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ሞከርኩ። አዲስ አስገዝቼ ቀየርኳት። አዲሷም ያው ናት፤ በሩን ዘግቼ በሄድኩ በሰዓት ውስጥ ድርግም! እልህ ይዞኝ ምሳ መብላት ተውኩ።

በሦስተኛው ቀን አለቃዬ መጣ። «ያ ባሽሙሃንዲስ፣ ችግሩ ምንድን ነው?» አለኝ። መሐንዲስ እየተባልኩ አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። የፋብሪካው ሽማግሌ ዘበኛ አቧራ እንዳይነሣ በየጠዋቱ ግቢውን እስከ ካቢኔው ክፍል ደጃፍ ድረስ ውሃ ይረጫል። «እርጥበት ነው፤ የሱ ውሃ ነው» አልኩ።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ አለቃዬ። ሽማግሌውን «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለው። እሱም ባልዲውን ግድግዳው ሥር ደፍቶ ወጣ፤ ቀና ብዬ አላየሁትም።

በማግስቱ ግቢው ደረቅ ነው፤ ማሽኑ ግን ረፋዱ ላይ ቆመ። ካቢኔውን ከፍቼ ስራገም ጠርሙስ የምትደረድረው ያገሬ ልጅ በበሩ ብቅ አለች።

«ወንድሜ፣ ነጠላዬ እስካሁን እዚህ ነው እንዴ?»

«የቱ ነጠላ?»

«ለሀቡቡ ብለህ የወሰድከው አሮጌው ነዋ!»

ክው አልኩ። ሀቡቡ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ ሲመጣ እኛ አበሾች ቤታችን አሮጌ ነጠላ በር ሥር እንወሽቃለን። እኔም እንደ ቤቴ አድርጌ፣ የሷን ነጠላ ለሁለት ቀድጄ የካቢኔውን የላይና የታች መተንፈሻ ጠቅጥቄበት ረስቼው ነበር። ፓወር ሰፕላይዋ በሙቀት ታፍና በራሷ እየጠፋች ነበር። በሩን ስከፍት የምትነሣው አየር አግኝታ ነው። ጨርቁን ጎትቼ አወጣሁት፤ ቀኑን ሙሉ አልጠፋችም።

ለአለቃዬ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። «ማሌሽ፣ ምንም አይደል» ብሎ ሳቀና ሽማግሌውን አስጠራው። እኔ ግን ሌሊቱን በኀፍረት ስገላበጥ አደርኩ።

ጠዋት ሽማግሌው ባልዲውን ይዞ መጣ። እጁን ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «አላህ ይሳምሐክ፣ አላህ ይቅር ይበልህ» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። ከዚያ እንደ ልማዱ እየረጨ መጥቶ የካቢኔው ክፍል ደጃፍ ሊደርስ አሥር እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«ባሽሙሃንዲስ፣ እዚህ ድረስ ይበቃል?»

«ኧረ እስከ በሩ ርጭ፣ ያ ዐም፣ አጎቴ!» ብዬ ለመንኩት። እሺ አለኝ። ግን እዚያ እስከሠራሁበት የመጨረሻ ቀን ድረስ ከዚያች ቦታ አላለፈም።