ሰገንና የካዛንቺስ ጭቃ

ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አራት ጎማ ሞተር የምትነዳ ሴት ሰገን ብቻ ነበረች። ሞተሩ ገጠር ለገጠር ክትባት ያደርስ የነበረ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ፣ አባቷ ገብረጻድቃን የሚሠሩበት ቡልጋሪያ ሰፈር ያለ ጋራዥ ውስጥ ተጥሎ የቀረ ነው። ፒስተኑ ተጣብቆ፣ ጭቃ የሚከላከለው ፓራፋንጎው ተሰንጥቆ፣ ጠያቂ አጥቶ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ቆየ። የጋራዡ ባለቤት ታሞ ሥራውን ሲዘጋ፣ «ጋሽ ገብረጻድቃን፣ ይሄን ነገር ከእርስዎ በቀር የሚወደው የለም፤ ይውሰዱት» አላቸው። እሳቸውም በጋሪ አስጭነው ቤታቸው ወሰዱት።

ሚስታቸው በሞተች በዓመቱ ነበር፤ ቤቱ ጭር ያለበት ጊዜ። ሰገን ከሥራ ስትመለስ አባትና ልጅ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ብረት ሲያጥቡ፣ ካንዴላ ሲቀይሩ፣ ብዙም ሳይነጋገሩ ያመሻሉ። ስለ እናትየው ከማውራት ብሎን መፍታት ይቀላቸው ነበር። አንድ ቀን ሞተሩ ሳል ሳል አድርጎት ሲነሳ ገብረጻድቃን ሳቁ። ሰገን አባቷ ሲስቁ ካየች ቆይታ ስለነበር ፊቷን አዞረች።

ታርጋ ስላልነበረው አስፋልት ላይ አይወጣም። ሰገን የተማረችው ከሰፈሩ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ነው፤ ያውም በክረምት። የዚያ ሜዳ አፈር ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ የነካው ዕለት ግን እንደ ሊጥ ሆኖ የረገጠውን ሁሉ ይዞ ያስቀራል።

«ጭቃን አትታገይው፣ አባብይው» ይሏት ነበር ገብረጻድቃን፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ከጎን እየተራመዱ። «ነዳጅ ካበዛሽ ጎማው ለራስሽ ጉድጓድ ይቆፍርልሻል። ከቆምሽም ቀረሽ። በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ ግን ሳትቆሚ።»

ሰገን መርገጫው ላይ ቆማ፣ ክብደቷን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየጣለች፣ ሞተሩ ሲንሸራተት አብራው እየተንሸራተተች መንዳት ለመደች። ቀኑን ሙሉ ላንቻ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ካሸር ሆና ስትቀመጥ የምትታክት ልጅ፣ ሜዳው ላይ ስትወጣ ሌላ ሰው ትሆናለች። ጭቃው ፊቷ ላይ ሲረጭ፣ ጥርሷ ውስጥ ሲገባ ትስቃለች። ጎረቤታቸው እትዬ ጀማነሽ፣ «ይቺ ልጅ ባል የምታገኘው ታጥባ የዋለች ቀን ነው» ይሉ ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ።

ለአዲስ ግንባታ ተብሎ መጀመሪያ የታችኛው ረድፍ፣ በወሩ መሀለኛው። ቤት የፈረሰበት ሰው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ከተማው ጫፍ ሄደ። የእነሰገን ረድፍ ግን «የእናንተ በሚቀጥለው ዙር ነው» ተባለ፤ የሚቀጥለው ዙር ሳይመጣ ክረምት ገባ። በፍርስራሹ መሀል ጥቂት ቤቶች እንደ ደሴት ቀሩ። የውሃው መስመር ተቆረጠ፤ መተላለፊያው መንገድ በዶዘር ተገለበጠ። ገልባጭ መኪናዎች ደግሞ ከሌላ ቦታ የተቆፈረ የመሠረት አፈር እያመጡ ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው በዚያው ሜዳ ላይ ይደፉ ጀመር። ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ያለው ቦታ አረንቋ ሆነ።

ሰገን ሞተሩን ለጨዋታ መንዳት ያቆመችው ያኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ከኋላ አስራ ውሃ ታመጣለች። ከዚያ ጀማነሽን ለቤተ ክርስቲያን፣ የታመመውን ለክሊኒክ፣ አስፋልት ድረስ ታደርሳለች። አንድ ጉዞ ስትጨርስ ጎማዎቹ የሚዞሩ የጭቃ ድቡልቡል ይሆናሉ፤ በእንጨት ፍቃ ነው የምትመለሰው። ማታ ክንዷ ዝሎ እንጀራ መቁረስ ያቅታታል። ገብረጻድቃን ያን ሰሞን ደጃፋቸው ላይ ቆመው የፈረሰውን ሰፈር ሲያዩ ይውላሉ።

በነሐሴ አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገብረጻድቃን ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ሰገን ስትዞር ከአልጋው ጠርዝ ላይ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው፣ አፋቸው ተጣሞ አየቻቸው።

«አቦይ፣ ምን ሆኑ? ይሰሙኛል?»

ዓይናቸው ይሰማል፤ ምላሳቸው ግን አልመለሰም።

ለአምቡላንስ ደወለች። አምቡላንሱ ባልጠበቀችው ፍጥነት መጣ፤ መጣና አስፋልቱ ላይ ቆመ። ሹፌሩ በስልክ፣ «እህቴ፣ እዚህ ውስጥ ከገባሁ እኔንም የሚያወጣኝ ያስፈልጋል። በቃሬዛም አይሆንም፣ ቃሬዛ የሚይዙት ልጆች እስከ ጉልበታቸው ነው የሚገቡት። እንደምንም አድርገሽ አምጪልን» አላት።

ጀማነሽ ጋቢያቸውን ይዘው ሮጠው መጡ። ሁለት ሆነው ገብረጻድቃንን ደግፈው ሞተሩ ላይ አስቀመጧቸው፣ ሰገን ከፊት ወጣች፣ ጀማነሽም አባትየውን ከልጅቱ ጀርባ ጋር በጋቢው ጠፍረው አሰሩ። ሕፃን እንደሚታዘል ሆነ ነገሩ። የአባቷ ጭንቅላት ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ክብደታቸው ከአፈር የከበደ መሰላት።

«በእግዚአብሔር እጅ ሂጂ» አሉ ጀማነሽ።

እስከ መሀል ደህና ሄደች። መሀል ላይ ስትደርስ ትናንት የነዳችበት ዱካ የለም። ሌሊት የመጡ ገልባጮች አዲስ አፈር ደፍተውበት፣ ዝናቡ ሲወርድበት አድሮ፣ ሜዳው ጠቁሮ ያብረቀርቃል። በሜዳው ዳር በኩል ልዙር ብትል ሩቅ ነው፤ አምቡላንሱ ደግሞ እዚያው ፊት ለፊቷ ይታያል፣ ነጭ ገዋን የለበሰችው ነርስ ሳትቀር። ሰገን በአዲሱ አፈር ላይ ገባች።

የፊት ጎማዎች ሰመጡ። ነዳጅ ቀነሰች፣ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባች፣ ሞተሩ አቃሰተ እንጂ አልተነቃነቀም። ወደ ፊት ሞከረች። የኋላ ጎማዎች ዞሩ፣ ጭቃው ወደ ላይ ተተፋ፣ ሞተሩ በሆዱ ተቀመጠ። ብቻዋን ብትሆን ወርዳ በትከሻዋ ትገፋው ነበር። አሁን ግን ከአባቷ ጋር ታስራለች፤ ብትወርድ አብረዋት ይወድቃሉ። መሪውን እንደያዘች ተቀመጠች። ገብረጻድቃን ከጀርባዋ አንድ ነገር አሉ። ጆሮዋን ወደ ኋላ አዘንብላ አዳመጠች፤ የተኮላተፈ ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረም። ነዳጅ ቀንሺ ይሁን፣ የእናቷን ስም ይሁን፣ አልለየችውም።

«አይዞዎት አቦይ፣ ደርሰናል» አለች። አልደረሱም ነበር።

ኢዘዲን የሰፈሩ ባለ ሱቅ ነበር። ሱቁ ከፈረሰ በኋላ አስፋልቱ ዳር ትንሽ የቆርቆሮ ኪዮስክ ተክሎ ብስኩትና ሞባይል ካርድ ይሸጣል። ያን ቀን ጠዋት ገና ዕቃውን እየደረደረ ሳለ ሰገንን ጭቃው ውስጥ ተይዛ አያት። መዶሻውን አንስቶ የኪዮስኩን የጎን ግድግዳ መታው፣ ምስማሩን ነቀለ፣ ሁለት ቆርቆሮ በራሱ ላይ ተሸክሞ ጭቃው ውስጥ ገባ። ጫማው አንዱ ቀረ፣ ሌላውም ቀረ፤ በካልሲ ደረሰ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ያዢ» አላት። ተንበርክኮ በእጁ ጭቃውን እየዛቀ ቆርቆሮዎቹን ከኋላ ጎማዎች ሥር አስገባ። «አሁን። ቀስ።»

ቆርቆሮው ተጣመመ፣ ጮኸ፣ ጎማው ነከሰው፤ ሞተሩ ተስፈንጥሮ ወጣ። ኢዘዲን ከኋላው በግንባሩ ጭቃ ላይ ተደፋ። ሰገን ሳትዞር፣ ሳትቆም አስፋልቱ ድረስ ነዳች። ነርሷ ጋቢውን በመቀስ ቆርጣ አባትን ከልጅ ለየች።

ሆስፒታል ውስጥ ሰገን እግሯ ላይ የደረቀ ጭቃ እየተፈረፈረ ኮሪደሩ ላይ ቆየች። ዶክተሩ ሲወጣ፣ «ትንሽ ቀደም ብዬ ባመጣቸው ኖሮ ለውጥ ነበረው?» አለችው። ዶክተሩ ወጣት ነው። «ይሄን ጥያቄ ተይው» አላት። መልሱ ገባት።

ገብረጻድቃን ተረፉ። ቀኝ ጎናቸውና ንግግራቸው ግን አልተመለሱም። መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ የወረዳው ሰዎች መጥተው ዙራቸው መድረሱን ነገሯቸው። የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ከከተማው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰር የለውም። ዕቃ ጫኞቹ ሽማግሌውን በወንበር ተሸክመው አወጧቸው፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት ሳሉ አልወረዱም። ሞተሩን ኢዘዲን ገጠር ላለ ዘመዱ ወሰደለት። የኪዮስኩን ግድግዳ ግን ሰገን ላሠራልህ ብትለው እምቢ አለ፤ «ምን ያደርጋል፣ እሱንም ሊያፈርሱት ነው» አላት። እውነቱን ነበር።

ሰገን ላንቻ ለመድረስ በጨለማ ትወጣለች። አባቷን የፎቁ ጎረቤት ስታያቸው ትውላለች። ገብረጻድቃን መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ከመስኮቱ የሚታየው ሌላ ሕንፃና የሌላ ሰው የተሰጣ ልብስ ነው። ማታ ስትመለስ ግራ እጃቸውን ያነሱላታል። አንዳንዴ እሷም እንደ ድሮው ሳትናገር አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ የሚፈታ ብሎን ግን የለም።

ግንቦት ላይ አረፉ። የካዛንቺስ ሰዎች ከያሉበት ጥግ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ መጡ። እድሩ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ተበትኗል፤ ድንኳኑ ማን ጋ እንደቀረ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ለቀስተኛው ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ከአራተኛ ፎቅ ጀምሮ እስከ ታች። የሕንፃው ነዋሪዎች ሲወጡና ሲወርዱ፣ «ይቅርታ፣ አንዴ» እያሉ በሰው ጉልበት መሀል ያልፋሉ። ሰዉ እርስ በርሱ፣ አንተ የት ደረሰህ፣ አንቺ የት ነሽ፣ ይባባላል። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ታክሲ እንዳያመልጣቸው ተነሱ።

ሰገን ጀማነሽን እስከ ፌርማታው ሸኘቻቸው። አሮጊቷ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «በሳልስቱ ማን ይመጣል ልጄ?» አሏት።

«የቻለ ይመጣል፣ እትዬ።»

በሳልስቱ ጀማነሽና ኢዘዲን መጡ። ሌላ ሰው አልመጣም።